የአያቴ ቃልና የአሸናፊ ከበደ ክራር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ልጆቹ መጫወት ከመጀመራቸው በፊት ስለ ሙዚቃ ደራሲውና መምህሩ ስለ ዶክተር አሸናፊ ከበደ ጥቂት ላውጋችሁ።

ከቤታችን ልጀምር። አያቴ ክራሬን "የሰይጣን ዕቃ" ትላት ነበር። በገና በሬዲዮ ሲመጣ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው የምታዳምጠው። በገና የዳዊት ነው፣ ክራር የጠላ ቤት። "አዝማሪ ልትሆን ነው?" ስትለኝ እንደ ስድብ ነበር። ክራሬን አልጋ ሥር እደብቃት ነበር።

ካደግሁ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ አንድ ጥናት እጄ ገባ። ርዕሱ ላይ ክራር "የሰይጣን መሣሪያ" ተብላለች። ክው አልኩ። ያ የአያቴ ቃል ነው! ጸሐፊው አሸናፊ ከበደ ናቸው። ሊሰድቧት ግን አልነበረም። ሰው የሚንቃትን ክራር ቁጭ ብለው አጥንተዋታል። ከዚያ በፊትም፣ በ1975፣ ስለ አዝማሪ ጽፈዋል። አዝማሪን "የኢትዮጵያ ገጣሚና ሙዚቀኛ" ብለው ነው የጠሩት። እኔ በዚያች ቃል አልቅሻለሁ።

እኚህ ሰው የአውሮፓን ሙዚቃ አሜሪካ፣ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረዋል። አገር ቤት ተመልሰው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ፒያኖ የተማረ ሰው ማሲንቆን ዝቅ አድርጎ ማየት በሚቀናው ዘመን እሳቸው ሁለቱንም አክብረዋል።

ድርሰቶቻቸውም እንደዚያው ናቸው። "እረኛው ባለዋሽንት" የሚለውን ሥራቸውን ለፍሉትና ለኦርኬስትራ ጻፉት። "ኮቱራሲያ" ውስጥ ደግሞ ኮቶ የሚባለውን የጃፓን ባለ አውታር መሣሪያ ከቫዮሊንና ከክላርኔት ጋር አገናኙት። ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የጃፓን ባህላዊ ዜማም እንደ ትዝታና እንደ አምባሰል በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ነው የሚሄደው።

በኋላ ወደ አሜሪካ ተመለሱ፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውንም እዚያው ያዙ። ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ያረፉትም በስደት ነው። ይሄ ያንገበግበኛል። ተማሪዎች ሆይ፣ የሞዛርትን ኖታ እንደምትፈልጉ ሁሉ የእሳቸውንም ፈልጉ። መምህራን፣ እባካችሁ አጫውቷቸው።

አሁን የመጀመሪያዋ ተማሪያችን ትገባለች። ከመጋረጃው ጀርባ ክራሯን ስትቃኝ ይሰማኛል። አያቷ ደግሞ እዚህ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እማማ፣ እንኳን መጡልን።