ካንዴላ ቀየርኩ፣ ኮዱ ግን አልጠፋም (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ (ከአየር ጤና የደወለ የታክሲ ሹፌር) የ2008 ያሪስ ነው የምነዳው። ጠዋት ጤነኛ ነው። ሞቅ ብሎ ዳገት ሲይዝ ግን ሞተሩ ይቆራረጣል፣ ቼክ ኢንጂኑም ብልጭ ድርግም ይላል። ኮምፒውተር ላይ ፒ0302 የሚል የብልሽት ኮድ ወጣ። አራቱንም ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪውን) ቀየርኩ፣ ያው ነው። መካኒኩ አሁን ደግሞ ኢንጀክተሮቹ በሙሉ ይቀየሩ እያለኝ ነው።

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ ምንም እንዳትገዛ። ፒ0302 ማለት ሁለተኛው ሲሊንደር በአግባቡ አያቃጥልም ማለት ነው፣ በቃ። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያውቀው ክራንክ ሻፍቱ ሲሽከረከር ፍጥነቱ ሸርተት የሚልበትን ቦታ አይቶ ስለሆነ፣ ጥፋቱ የኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው) ይሁን የኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨው) ይሁን የቫልቭ ሊነግርህ አይችልም። ያንተ መኪና ለእያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው፤ ስለዚህ ፈተናው ነጻ ነው። ሞተሩ ሲበርድ የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይር፣ ኮዱን አስጠፋ፣ ከዚያ እስኪሞቅ ነድተህ ያንኑ ዳገት ውጣ። ኮዱ ወደ ፒ0303 (ሦስተኛው ሲሊንደር) ከዞረ ኮይሉ ነው፣ አንድ ብቻ ትገዛለህ። እዚያው ፒ0302 ላይ ከቀረ ካንዴላውን፣ ቀጥሎም ኢንጀክተሩን በዚሁ መንገድ አዟዙር (ኢንጀክተር ከወጣ ጎሚኒው ይቀየር፣ ቤንዚን ካንጠባጠበ እሳት ነው)። ሦስቱም ንጹህ ከሆኑ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ የመጭመቅ ግፊት) ይለካ።

እኔ ግን ኮይሉን ነው የምጠረጥረው። ዳገት ላይ ጋዝ ስትረግጥ ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊቱ ስለሚጨምር ብልጭታው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ የደከመ ኮይል ደግሞ ሲሞቅ ይብስበታል። ጋራዥ ግቢ ውስጥ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ) ቢያዳምጡት ምንም አይሰማም፤ መካኒክህን ይዘኸው ውጣ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ግን አትንዳ፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱን (የጭስ ማጽጃውን) ያቀልጠዋል።

ጥያቄ፦ (ከሐዋሳ የደወሉ እናት) ጠዋት ስናስነሳው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይንዘፈዘፋል፣ ከዚያ ደህና ነው። የራዲያተር ውሃም በየጊዜው ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን የሚፈስ የለም።

መልስ፦ እማማ፣ ውሃው የሚገባው ሲሊንደር ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ የላይኛው ክዳንና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሲያልቅ ማታ ትንሽ ውሃ ይሰርጋል፣ ጠዋት ያ ሲሊንደር አያቃጥልም፣ ተኖ ሲያልቅ ይስተካከላል። ካንዴላዎቹን ያስወጡ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ እንደታጠበ ንጹህ ከሆነ ፍንጩ እሱ ነው። ማረጋገጫው ማቀዝቀዣው በፓምፕ ግፊት ተሞልቶ ሲያድር ግፊቱ መውረድ አለመውረዱን ማየት ነው። ይህ ሳይደረግ ቴስታታ እናውርድ የሚል ካለ እምቢ ይበሉ። እስከዚያው ውሃውን እየተከታተሉ፣ ሞተሩ ሲበርድ ብቻ ይሙሉ።

ጥያቄ፦ ፒ0300 ይላል፣ የሚንቀጠቀጠው ቆሞ ሲሠራ ብቻ ነው፣ ስነዳው ይጠፋል።

መልስ፦ ፒ0300 አንድ ሲሊንደር ሳይለይ በአግባቡ አያቃጥልም ማለት ነው፤ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ይመስለኛል። ኮምፒውተሩ ላይ የረጅም ጊዜ ፊውል ትሪም የሚባለውን (ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን ቁጥር) ያሳዩህ፤ በሚኒሞ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ በ2500 ዙር ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ ከአየር ማጣሪያው እስከ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ያሉትን ቱቦዎች አንድ በአንድ እያጠፍክ ስንጥቅ ፈልግ። ካንዴላውን ተወው።