ከዴስክቶፕ ላይ የጠፋን አይከን ወደ ቦታው መመለስ

[ስክሪን፦ ከሪሳይክል ቢን በቀር ምንም የማይታይበት ዴስክቶፕ]

በየዕለቱ የምንጫነው አይከን ከዴስክቶፑ ላይ ድንገት ሲታጣ ብዙ ሰው ወዲያውኑ የሚጠረጥረው ፕሮግራሙ ወይም ሰነዱ እንደጠፋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፕሮግራሙም ሰነዱም በነበሩበት ይገኛሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙን እንደገና ለመጫን ከመቸኮል በፊት የጠፋው አይከን ምን ዓይነት እንደነበረ ማስታወስ ይጠቅማል፤ መፍትሔው የሚለያየው በዚህ ነውና። እዚህ የምናሳየው በዊንዶውስ 10 እና በዊንዶውስ 11 የሚሠራውን መንገድ ነው።

አንዳንዶቹን አይከኖች፣ ለምሳሌ ዲስ ፒሲን (የኮምፒውተሩን ድራይቮች የሚከፍተውን) እና ሪሳይክል ቢንን (የተሰረዙ ፋይሎች የሚቆዩበትን)፣ የሚያስቀምጠው ዊንዶውስ ራሱ ነው። ሌሎቹ ሾርትከቶች ሲሆኑ፣ በግራ በኩል ከታች ባላቸው ትንሽ ቀስት ይታወቃሉ፤ ሾርትከት ፕሮግራሙ የተቀመጠበትን ቦታ የሚጠቁም አነስተኛ ፋይል በመሆኑ እሱን መሰረዝ ፕሮግራሙን አይነካም። የቀሩት ዴስክቶፑ ላይ በቀጥታ የተቀመጡ ፋይሎችና ፎልደሮች ናቸው፤ እነዚህ ከተሰረዙ የተሰረዘው ሰነዱ ራሱ ስለሆነ ጉዳዩ ከበድ ይላል።

[ስክሪን፦ በዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ ሲደረግ]

የጠፋው አንድ አይከን ሳይሆን ሁሉም ከሆነ፣ በዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ቪው የሚለውን ይክፈቱና ሾው ዴስክቶፕ አይከንስ በሚለው መስመር ፊት የምርጫ ምልክት መኖሩን ይመልከቱ። ምልክቱ ከሌለ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ሁሉንም ይመልሳል። በዊንዶውስ 10 ታብሌት ሞድ፣ ማለትም በጣት ለመንካት የተዘጋጀው አሠራር፣ ሲበራም አይከኖቹ ስለሚደበቁ እሱን ማጥፋት ያስፈልጋል።

[ስክሪን፦ የሴቲንግስ መስኮት]

የጠፋው ዲስ ፒሲ ወይም ሪሳይክል ቢን ከሆነ ሴቲንግስን ከፍተው ፐርሰናላይዜሽን፣ ቀጥሎም ቲምስ ውስጥ ይግቡና ዴስክቶፕ አይከን ሴቲንግስ የሚለውን ይጫኑ። ይህ መስመር በዊንዶውስ 10 መስኮቱ ሰፊ ሲሆን በቀኝ በኩል፣ ጠባብ ሲሆን ደግሞ ከገጹ መጨረሻ ስለሚገኝ ብዙዎች አጥተውት ይመለሳሉ። በሚከፈተው ትንሽ መስኮት ውስጥ አምስት ምርጫዎች ተዘርዝረዋል፤ ዲስ ፒሲ እዚህ የተጻፈው ኮምፒውተር ተብሎ ነው። የሚፈልጉት ስም ፊት ያለችውን ሳጥን ምልክት ያድርጉባትና አፕላይ፣ ከዚያም ኦኬ ይበሉ። በዚያው መስኮት ያለው ሪስቶር ዲፎልት የሚለው ቁልፍ ስሙ ያሳስታል እንጂ የጠፋ አይከን አያመጣም፤ የሚመልሰው የተቀየረ የአይከን ሥዕልን ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ አዲስ ከሆነ ወይም ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነበት፣ ዲስ ፒሲ አለመታየቱ ብልሽት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ላይ ከእነዚህ አይከኖች መካከል በራሱ የሚታየው ሪሳይክል ቢን ብቻ ነው። በ2007 ለገበያ በቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ሪሳይክል ቢን ላይ ራይት ክሊክ ሲደረግ ዲሊት የሚል ምርጫ ይመጣ ስለነበር፣ ውስጡን ባዶ ሊያደርግ የፈለገ ሰው አይከኑን ራሱን ያጠፋው ነበር።

[ስክሪን፦ ከስታርት ሜኑ ወደ ዴስክቶፕ የሚጎተት ፕሮግራም]

የሾርትከት ጉዳይ ቀላል ነው። አሁን በስሕተት ከሰረዙት፣ ዴስክቶፑን አንድ ጊዜ ክሊክ አድርገው ኮንትሮልን ከዜድ ጋር መጫን ይመልሰዋል። ጊዜ ካለፈ ደግሞ ስታርትን ከፍተው፣ ሁሉም ፕሮግራሞች ከተዘረዘሩበት ክፍል የሚፈልጉትን በማውዝ ይዘው ወደ ዴስክቶፑ ይጎትቱት። ፕሮግራሙ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩ እንዳልጠፋ ማረጋገጫ ነው፤ ከዝርዝሩም ከሌለና ፈልገው ካጡት ግን እንደገና መጫን ሊያስፈልግ ይችላል።

ሾርትከቶች ተጠቃሚው ምንም ሳያጠፋ ሊሰረዙም ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2023 የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ ለሆነው ለማይክሮሶፍት ዲፌንደር የተላከ ጉድለት ያለበት ማሻሻያ፣ በተለይ አንድ የተወሰነ የጥበቃ ደንብ በበራባቸው የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ላይ፣ በርካታ የፕሮግራም ሾርትከቶችን ከዴስክቶፕም ከስታርት ሜኑም ሰርዟል። ፕሮግራሞቹ ግን በኮምፒውተሮቹ ውስጥ ነበሩ፤ የጠፋው ወደ እነሱ የሚያደርሰው ምልክት ብቻ ነበር።

አይከኑ ቦታው ላይ እያለ ሥዕሉ ብቻ ነጭ ከሆነ፣ በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝረውን ታስክ ማኔጀርን ከፍተው ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር ላይ ሪስታርት ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

[ስክሪን፦ የሪሳይክል ቢን ውስጥ]

የጠፋው እውነተኛ ፋይል ወይም ፎልደር ከሆነ መጀመሪያ ሪሳይክል ቢንን ይክፈቱ። እዚያ ካገኙት ራይት ክሊክ አድርገው ሪስቶር ሲሉ ቀድሞ ወደነበረበት ይመለሳል። እዚያ ከሌለ የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ በሆነው በዋንድራይቭ ውስጥ ዴስክቶፕ የሚል ፎልደር መኖሩን ይመልከቱ። ዋንድራይቭ የዴስክቶፕን ይዘት እንዲጠብቅ ሲደረግ ፋይሎቹን ወደ ራሱ ፎልደር ያዛውራቸዋል፤ ይህ አገልግሎት በኋላ ሲጠፋም ፋይሎቹ እዚያው ቀርተው ዴስክቶፑ ባዶ ሊመስል ይችላል። መፍትሔው ከዚያ ፎልደር ወደ ዴስክቶፑ መልሶ መገልበጥ ነው።

[ስክሪን፦ ስለ ጊዜያዊ ፕሮፋይል የሚገልጽ ማሳሰቢያ]

አይከኖቹ ብቻ ሳይሆኑ የጀርባው ሥዕልና ሌሎች የመረጧቸው ነገሮችም አብረው ከተቀየሩ፣ ምናልባት የገቡት በሌላ ሰው አካውንት ይሆናል፤ ወይም ዊንዶውስ የእርስዎን ፕሮፋይል (ፋይሎችዎና ምርጫዎችዎ የተቀመጡበትን ክፍል) መክፈት አቅቶት በጊዜያዊ ፕሮፋይል አስገብቶዎታል። በጊዜያዊ ፕሮፋይል የሚሠራ ማንኛውም ፋይል ከአካውንቱ ሲወጡ ስለሚሰረዝ በዚያ ሁኔታ ላይ እያሉ ምንም ሥራ አይጀምሩ። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርገው እንደገና ይግቡ። ችግሩ ካልተፈታ፣ ማንኛውም ጥገና ከመሞከሩ በፊት ሲ ድራይቭ ላይ ዩዘርስ በሚለው ፎልደር ውስጥ በስምዎ የተቀመጠውን ፎልደር ከፍተው የዴስክቶፕ ፋይሎችዎን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ።