ያለ ደመወዝ ያለፉ ዓርቦች

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

“የበጀት ጉድለት” የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ 2009 ነው፤ ካሊፎርኒያ። ያኔ በአንድ የስቴቱ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ በወር ሁለት ቀን፣ ከጁላይ ወዲህ ደግሞ ሦስት ዓርብ፣ ያለ ደመወዝ ቤታችሁ ዋሉ ተባልን። ፈርሎ ይሉታል። ሦስተኛው ሲጨመር ከደመወዜ 14 በመቶ ያህል ሄደ። በዚያው ጁላይ ስቴቱ ጥሬ ገንዘብ አጥሮት፣ ክፍያ ለሚጠብቁ ሰዎች “ወደፊት እንከፍላለን” የሚል ወረቀት ያድል ነበር። መንግሥት በዱቤ ማለት ነው እንግዲህ!

የፌደራሉ መንግሥት ሲጎድልበት ይበደራል። ስቴቶች ግን፣ ከቨርሞንት በቀር፣ በጀታቸውን የማመጣጠን ግዴታ አለባቸው። ክፉነቱ፣ ኢኮኖሚው ሲታመም የታክስ ገቢው ይወርዳል፤ ሥራ ያጣው ሰው ደግሞ ያኔ ነው ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) ደጅ የሚቆመው።

እኔ ከቅነሳ ወገን ነበርኩ፣ አልዋሽም። ቤት ውስጥ ገንዘብ ሲያጥር ወጪ ይቀነሳል፣ መንግሥት በምን ይለያል እል ነበር።

ከዚያ አንድ ዓርብ ልጄን ፒያኖ ለምታስተምራት ሴትዮ ደወልኩ። ልጄ እንዳትሰማኝ በረንዳ ወጥቼ ነው። “ለጊዜው ይቆየን” አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና “በዚህ ሳምንት አንተ ሦስተኛው ነህ” አለችኝ። ከስቴቱ አንድ ሳንቲም በልታ አታውቅም እኮ! ቅነሳው ግን በእኔ በኩል አልፎ እሷ ቤት ገባ።

የኢኮኖሚ ምሁራኑ ጆሴፍ ስቲግሊትዝ እና ፒተር ኦርዛግ በ2001 የጻፉትን በኋላ ሳነብ ሴትዮዋ ትዝ አለችኝ። ስቴቱ ያልከፈለው ደመወዝ ከገበያው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከሀብታም ላይ የሚነሳ ታክስ ግን ከፊሉ የሚመጣው ካስቀመጠው ነው፣ ገበያውን ያን ያህል አይጎዳውም፤ ነገራቸው ይኸው ነው።

በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፕሮፖዚሽን 30 የሚባል ታክስ የሚጨምር ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ “አዎ” አልኩ። የሽያጭ ታክስ ሩብ በመቶ ጨመረ፣ ከ250,000 ዶላር በላይ የሚያገኙት ላይ ደግሞ ለሰባት ዓመት ተጨማሪ ተጣለ። በዚያው ዓመት ካንሳስ ግን የገቢ ታክሷን ቀነሰች፤ ብዙ የንግድ ገቢ ጭራሽ ከታክስ ነፃ ሆነ። በ2015 አንዳንድ የካንሳስ የትምህርት ወረዳዎች ገንዘብ አጥሯቸው የትምህርት ዓመቱን ቀደም ብለው ዘጉ። በ2017 ሪፐብሊካን የሚበዛበት ምክር ቤት የራሱን ፓርቲ ገዥ፣ የሳም ብራውንባክን ቬቶ ሽሮ ታክሱን መለሰው።

ደግሞ “ሀብታሙን ብቻ አስከፍሉ” የሚሉ ወዳጆቼም ያናድዱኛል። የካሊፎርኒያ ካዝና በጥቂት ሀብታሞች ላይ ስለተንጠለጠለ፣ አክሲዮን ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። በ2014 በፕሮፖዚሽን 2 የመጠባበቂያ ፈንዱ የተጠናከረው አንዱም ለዚህ ነው፤ አክሲዮን ሲያተርፍ ከሚገኘው ታክስ ከፊሉ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ለእሱም “አዎ” ብያለሁ። ልጄ ግን ያኔ ፒያኖውን ትታው ነበር።