በርሜሉን አትንኩት

እንደምን አረፈዳችሁ! ተኩስ ከመጀመራችን በፊት ጥቂት ደቂቃ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። የጆሮ መከላከያችሁን ገና አታድርጉ፤ በኋላ አልሰማንህም እንዳትሉኝ።

እኛ «አልሞ ተኳሽ» እየተባለ ሲፎከር እየሰማን ነው ያደግነው። እዚያ የሳተ ሰው ዓይኑ ወይም ልቡ ነው የሚታማው፤ ጠመንጃውን የሚወቅስ የለም። ቨርጂኒያ መጥቼ የዒላማ ተኩስ ስጀምር ነገሩ ተገልብጦ ጠበቀኝ። እዚህ የሳተ ሁሉ ዕቃውን ያማል፣ ከዚያ ሌላ ዕቃ ይገዛል። እኔም ገዛሁ። ብዙ ገዛሁ። ባለቤቴ እዚህ ስላለች ዋጋውን አልናገርም።

በሃንድጋርድ ልጀምር፤ ባለፈው ሦስት ሰው «ብቀይረው ተኩሴ ይሻሻላል?» ብሎ ጠይቆኛል። ግራ እጃችን የሚያርፍበት፣ በርሜሉን የሚሸፍነው ክፍል ነው። ዋና ሥራው እጃችን በጋለ በርሜል እንዳይቃጠል መከላከል ነው። ታዲያ ከማነጣጠር ጋር ምን አገናኘው?

ስንተኩስ በርሜል ይንቀጠቀጣል። ክራር የሚጫወት ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል፤ የሚርገበገበውን ክር በጣቱ ከነካው ድምፁ ይቀየራል። በርሜሉም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ከተንቀጠቀጠ ችግር የለም፣ ጥይቶቹ ተቀራርበው ያርፋሉ። የሚያበላሸው አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ አድርጎ የሚነካው ነገር ነው።

የመደበኛውን ኤአር-15 ጠመንጃ ሃንድጋርድ እዩት። ከኋላ ቀለበት ይይዘዋል። ከፊት ግን የሚደገፈው በርሜሉ ላይ ባለ ቆብ ነው። የማንገቻው የፊት ማያያዣም ያለው ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ሥር ነው፤ እሱም በርሜሉ ላይ የተሰካ ነው። እንግዲህ ማንገቻውን ክንዳችሁ ላይ አጥብቃችሁ ለመተኮስ በደረታችሁ ስትተኙ የምትጎትቱት በርሜሉን ራሱን ነው። ብረት ቢሆንም ትንሽ ይጎብጣል።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ወረቀት ላይ ነው። 100 ያርድ ላይ፣ ከአሸዋ ከረጢት ላይ እየተኮስኩ የጠመንጃዬን ማነጣጠሪያ አስተካከልኩ። ከዚያ ማንገቻውን አጥብቄ ተኝቼ ተኮስኩ። ጥይቶቹ ሰብሰብ ብለዋል፤ ግን ወደ 4 ኢንች ዝቅ ብለው ነው ያረፉት። ስኮፑን፣ ማለት የማነጣጠሪያ መነጽሩን፣ ጠረጠርኩ፣ የሸጠልኝን ሰው በልቤ ረገምኩት። ማንገቻውን ስፈታው ጥይቶቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ያቺ 4 ኢንች 600 ያርድ ላይ 24 ኢንች ትሆናለች፤ ከዒላማው መሃል በጣም መራቅ ማለት ነው።

ፍሪ ፍሎት የሚባለው ሃንድጋርድ መፍትሔው ነው። ከኋላ ብቻ ይታሰራል፣ በርሜሉን የትም አይነካም። ማንገቻውም ከሱ ላይ ይታሰራል። ከ1907 ጀምሮ ትልቁ የአሜሪካ ውድድር በሚካሄድበት ኦሃዮ፣ ካምፕ ፔሪ፣ የሠራዊት ጠመንጃ ተወዳዳሪዎች ይህን ቀድመው ገብቷቸው ነበር። ከላይ ተራ ፕላስቲክ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን በርሜሉን የማይነካ የብረት ቱቦ አለ። ማታለል እንዳይመስላችሁ፣ ደንቡ ይፈቅዳል።

ግን ልብ በሉ፤ ቱቦው መጥፎ በርሜልን ጥሩ አያደርግም። ከአሸዋ ከረጢት ላይ ብቻ፣ ያለ ማንገቻ የምትተኩሱ ሰዎች ብዙ ለውጥ ላታዩ ትችላላችሁ። በርሜል መንካት ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለትም አይደለም። በእንግሊዞቹ ቁጥር 4 ሊ-ኤንፊልድ ጠመንጃ ላይ የፊቱ እንጨት በርሜሉን ሆን ተብሎ ወደ ላይ ይገፋዋል። የሩሲያው ሞሲን-ናጋንት ጠመንጃ ማነጣጠሪያ ደግሞ ሳንጃው ተሰክቶ ነበር የሚስተካከለው፤ ሳንጃውን ስታወልቁ ጥይቱ ቦታ ይቀይራል። በሁለቱም ንክኪው ያው አንድ ዓይነት ስለሆነ ይሠራል። እንጨቱ በእርጥበት ሲያብጥ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ወደ ሌላው ዕቃ ልለፍ። ለእኔ ከሃንድጋርድ በፊት የሚመጣው ጥይቱ ነው። ዓረሩን የሚያሾረው የበርሜሉ ውስጥ ጠመዝማዛ ከዓረሩ ርዝመት ጋር መስማማት አለበት። የድሮው ኤም-16 በ12 ኢንች አንድ ዙር ነበር የሚያዞረው፤ ለ55 ግሬን ዓረር ይበቃ ነበር፤ ግሬን የዓረር ክብደት መለኪያ ነው። ኤም-16ኤ2 ረዘም ያለ ዓረር ሲመጣለት በ7 ኢንች አንድ ዙር ሆነ። ረጅሙን 77 ግሬን በድሮው በርሜል ብትተኩሱት እየተገላበጠ ሄዶ ወረቀቱን በጎኑ ይቀደዋል። እዚህ ላይ የ300 ዶላር ሃንድጋርድ ምንም አያግዝም።

ምላጭም አለ። ራሱ ጥይቱን የትም አይወስደውም፤ እኛን ነው የሚያነቃንቀን። በሠራዊት ጠመንጃ ውድድር ምላጩን ለመሳብ ትንሹ የተፈቀደ ክብደት 4 ከግማሽ ፓውንድ ነው፣ ያ ለሁላችንም ይበቃል። የአፈሙዙን ጠርዝ ደግሞ በመጥረጊያ ዘንግ አትፈግፍጉት፤ ዓረሩ ሲወጣ መጨረሻ የሚነካው እሱን ነው።

አሁን ወደ ሥራ። ማንገቻ ያላችሁ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ 10 ጥይት አጥብቃችሁ፣ በሌላው 10 ጥይት ፈታችሁ ተኩሱ። ሦስት ጥይት ተኩሶ መፍረድ አይሆንም፤ ሦስት ጥይት በዕድልም ይቀራረባል። በሁለቱ መካከል በርሜሉ ይቀዝቅዝ። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ቦታ ከመቱ ሃንድጋርድ አትግዙ፣ ገንዘቡን ለጥይት አውሉት። ከተለያዩ ወደ እኔ ኑ፣ እኔ የማልጠቀምበት አንድ ቱቦ መኪናዬ ውስጥ አለ። ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። የጆሮ መከላከያ አሁን!