አስታማሚም ይቆጠር
(ደብረ ማርቆስ፣ ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ብዙ አላስቀምጣችሁም። እናቴን ጎረቤቴ ናት የያዘችልኝ፣ እስከ 6 ሰዓት ነው የተባባልነው።

እናቴን ስትሮክ ከመታት 6 ዓመት ሆናት። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም። በየ2 ሰዓቱ ካላገላበጥኳት ጀርባዋ ይቆስላል፣ ሌሊትም ያው ነው። አጥሚት ሳጠጣት አገጯን ዝቅ ማድረግ እንዳለብኝ ያወቅሁት ስንቴ ትን ካላት በኋላ ነው። የአዋቂ ዳይፐር መግዛት ስለማልችል አሮጌ ነጠላ እየቀደድኩ፣ አጣጥፌ አነጥፍላታለሁ፣ ጠዋት ደግሞ በኦሞ ዘፍዝፌ አጥባለሁ። ክረምት ላይ አልደርቅ ሲለኝ እሳት ዳር እሰቅለዋለሁ። «ጭስ ጭስ ሸተትኩ» ትለኛለች፣ ያኔ ሆዴ ይላወሳል።

ድሮ የግል ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ያዥ ነበርኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ለእንዲህ ያለ ከባድ ችግር የሚፈቅደው ያለ ደሞዝ እስከ 5 ቀን ነው፣ እሱም በዓመት ከ2 ጊዜ አይበልጥም። የእናቴ ሕመም በ10 ቀን የሚያልቅ አልነበረምና ሥራዬን ተውኩ። ወንድሞቼ ሲሞላላቸው ይልካሉ። ማን ያስታምም ብሎ የጠየቀ ግን የለም፣ ሴቷ ልጅ እኔ ነኛ!

ከዚያ አንድ ቢሮ ሄጄ እርዳታ ጠየቅሁ። ልጁ ቅጽ እየሞላ «ቤት ውስጥ መሥራት የሚችል ሰው አለ?» አለኝ። አለ፣ እኔ አለሁ አልኩት። «እንግዲያው አትታቀፉም» አለኝ። ጉልበቴማ አለ፣ ግን ቀንም ሌሊትም ተይዟል።

እስቲ ይሄን ስሙኝ። የገጠሩ ሴፍቲኔት፣ ያ ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ በ1997 ሲጀመር ጉልበት ያለው ሠርቶ፣ ጉልበት የሌለው ቤተሰብ ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኝ ነበር። ነፍሰ ጡርና አራስ ከሥራው ወጥተው ድጋፋቸው ይቀጥላል። ስለዚህ ሰው ጉልበት እያለው ሥራ መውጣት የማይችልበት ጊዜ እንዳለ መንግሥት ራሱ ያውቃል ማለት ነው፣ ታዲያ አስታማሚን ለምን ረሳው? ደግሞ አብዛኛው የጎጃም ወረዳ ትርፍ አምራች ነው እየተባለ እዚያ ፕሮግራም ውስጥ የለም። ጤፍ በሚበቅልበት አገር ሰው አልጋ ላይ አይወድቅም እንዴ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኛንና አረጋዊን ይረዳል ይላል። አቅም የለም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ግን የማኅበረሰብ ጤና መድኅንም በ2003 ሲሞከር እዚሁ ጎጃም ደቡብ አቸፈርን ጨምሮ በጥቂት ወረዳዎች ነበር፣ ዛሬ የት እንደደረሰ ታያላችሁ። የአስታማሚ ድጋፍም እንደዚያው በትንሹ ይጀመር። እንግሊዝ አገር በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት ለሚያስታምም ሰው፣ ሌላ መስፈርቱን ካሟላ፣ መንግሥት አበል ይከፍለዋል። እኔ 35 ሰዓቱን ሳምንቱ ሳይጋመስ ነው የምጨርሰው።

የምጠይቀው ሩቅ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን አስታማሚውንም ይመዝግቡ። ቅጹ ላይ «መሥራት የሚችል» ከሚለው አጠገብ «የሚያስታምም» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። አበሉ ትንሽም ቢሆን ይምጣ። በሳምንት ግማሽ ቀን የሚተካኝ የሠለጠነ ሰው ባገኝ ደግሞ ብድግ ብዬ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፣ እተኛለሁ፣ እውነቴን ነው፣ እንቅልፍ ብቻ ይበቃኛል።

እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ አብረን እንቀመጣለን። እግዜር ይስጣችሁ። እናቴ ግን አለች፣ ዛሬም ቁርሷን ጠይቃኛለች።

ለከተማ አስተዳደሩ የምናስገባው ደብዳቤ ጸሐፊያችን ዘንድ ነው፣ ሳትወጡ ፈርሙበት። ቤቱ ሰው የሚያስታምም ዛሬ እዚህ አልመጣም፣ ማን ይዞለት ይመጣል? ስለዚህ የምታውቁት ካለ ማታ ቤቱ ጎራ ብላችሁ ጠይቁትና፣ ፈቃዱ ከሆነ ስሙን አስመዝግቡለት።