ከበሩ የማይወጣው ኔትወርክ

እሷ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ጉንፋን ይዞኛል፤ ድምፄ ቢቀየርባችሁም እኔው ነኝ። አንተ ግን ባለፈው ሳምንት የት ጠፋህ? ስደውል አታነሳም።

እሱ፦ ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። እውነቴን ነው! አንድ ጓደኛዬ ቦሌ አካባቢ የሒሳብ ሥራ ቢሮ አለው፤ ዘጠኝ ኮምፒውተር። «ኔትወርክ ገደለን፤ የሒሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ አንድ ደረሰኝ እስኪመዘግብ ቡና ይፈላል» ብሎ ጠራኝ።

እሷ፦ አቦል ነው ወይስ በረካው?

እሱ፦ ቶና ላይ ደርሷል በይው። ደግሞ እኔን ከመጥራቱ በፊት ምን አድርጓል መሰለሽ? የኢንተርኔት ፓኬጁን በእጥፍ አሳድጓል። ብሩ በየወሩ ይወጣል፣ ፒችትሪው ንቅንቅ አላለም።

እሷ፦ ቆይ ቆይ። የፒችትሪው ዳታ የት ነው የተቀመጠው?

እሱ፦ እዛው ቢሮ ውስጥ፣ ሒሳብ ሹሟ ኮምፒውተር ላይ። ሌሎቹ ሼር የተደረገውን ፎልደር ነው የሚከፍቱት። ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ነው የሚሄደው፤ ከበሩ እንኳ አይወጣም። ኢንተርኔቱን ነቅለሽ ብትጥይው ይሠራል።

እሷ፦ አሃ! የውጭውን መንገድ አስፋልት አልብሶ የግቢውን ጭቃ ረስቶታል።

እሱ፦ በትክክል። እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት አምስት ሳንቲም አያስወጣም፤ ፒንግ ነው፤ አንዱን መሣሪያ «አለህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ መለካት። ጥቁሯን የኮማንድ መስኮት ከፈትኩና በቅድሚያ ራውተሩን፣ ኢንተርኔቱን ለቢሮው የሚያድለውን ሳጥን፣ በአድራሻው በ192.168.1.1 ጠየቅኩ። ቀጥሎ ውጭ ያለውን የጉግልን ሰርቨር፣ 8.8.8.8ን። ራውተሩ እዛው ክፍል ውስጥ ነው፤ በኬብል ቢሆን 1 ሚሊሰከንድ እንኳ አይፈጅም። እኔ የማየው አንዴ 40፣ አንዴ 200፣ አንዳንዴ ጭራሽ «ሪኩዌስት ታይምድ አውት»፣ መልስ የለም ማለት ነው።

እሷ፦ ራውተሩ ጋ ሳይደርስ የቀረውን ታዲያ ቴሌን ምን ብለህ ትራገማለህ?

እሱ፦ ስንት ዓመት ሲራገሙ ኖረዋል! ዘጠኙም በዋይፋይ ነው የሚሠሩት፤ ራውተሩ ደግሞ ከብረት ካቢኔት ጀርባ ተሸጉጧል። ዋይፋይ ላይ አንዱ ሲያወራ ሌላው ዝም ብሎ ተራ ይጠብቃል። ፒችትሪ ደግሞ፣ አሁን ስሙ ሴጅ 50 ነው፣ ግን እዚህ አገር ማን እንደዛ ይጠራዋል፣ አንዲት ደረሰኝ ለመመዝገብ ፋይሉን በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ይጠይቃል። እያንዳንዷ ጥያቄ ወረፋ ትይዛለች። የመስመሩ ስፋት አይደለም የገደላቸው፣ መመላለሱ ነው።

እሷ፦ የጎረቤት ዋይፋይስ?

እሱ፦ ስልኬ ላይ በነፃ አፕ ስቃኘው ከሃያ በላይ። ዋይፋይ በሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ሕንፃው ሙሉ 6 ላይ ተፋፍጓል። የኛን ራውተር ወደ 11 ወሰድኩት። ስልክና ላፕቶፖቹን 5 ጊጋኸርትዝ ላይ አደረግኩ፤ እሱ ግድግዳ ላይ ይደክማል እንጂ ቅርብ ላለ ሰው ደህና ነው።

እሷ፦ ዴስክቶፖቹን ግን በኬብል።

እሱ፦ በኬብል! ጊጋቢት ስዊች፣ ኬብሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ሳጥን፣ ገዛን፤ ካት 5ኢ ኬብል ዘረጋን። እስከ 100 ሜትር ጊጋቢት ይሸከማል፤ ለአንድ ፎቅ ከበቂ በላይ ነው። ዴስክቶፖቹ ሁሉ ስዊቹ ላይ ስለተሰኩ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ራውተሩን አያስቸግሩም። ከዛ በኋላ ግን ያሳፈረኝ ነገር መጣ።

እሷ፦ ተናዘዝ።

እሱ፦ አንዱ ኮምፒውተር 1,000 ሜጋቢት ማሳየት ሲገባው 100 ይላል። የኔትወርክ ካርዱ ተበላሽቷል ብዬ ግማሽ ቀን ለፋሁ። ድራይቨር አወረድኩ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ ምንም። ለካ ኬብሉ ውስጥ ካሉት ስምንት ሽቦዎች ሰማያዊዋ ጫፉ ላይ በደንብ አልተነከሰችም። ለ100 አራቱ ሽቦ ይበቃል፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ከቀሩት አራቱ አንዷ ስትጎድል ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል፤ መብራቱም ይበራል፣ ሥራውም ይሠራል፣ ማንም አያውቅም።

እሷ፦ ጫፉን የገጠመው ማነው?

እሱ፦ … እኔ።

እሷ፦ (ሳቅ) አድማጮች፣ የኬብል መፈተሻ ስትገዙ የአሥር ብር ቴስተር ሳይሆን ደህናውን ግዙ።

እሱ፦ ቴስተር ቢኖረኝማ! አሁን ገዝቻለሁ። እና ራሱ ኢንተርኔቱም ጠዋት ጠዋት ይሞት ነበር። ሲታይ ዘጠኙም ኮምፒውተር የዊንዶውስ አፕዴት ለየብቻው ያወርዳል። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባል ነገር አለ፤ እሱን ስትከፍችው አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከሱ ይቀዳሉ። ተዘግቶ ነበር። የክላውድ ባክአፑንም ከሥራ ሰዓት አውጥቼ ማታ 3 ሰዓት ላይ አደረግኩት።

እሷ፦ መብራት ሲሄድስ? ላፕቶፕ ያለው ይሠራል፣ ስዊቹ ግን ይጠፋል።

እሱ፦ እሱ ነው አደገኛው። ፋይሉ እንደተከፈተ መንገዱ ሲቋረጥ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ስዊቹንና ራውተሩን መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ሰካናቸው፤ የሚበሉት ኃይል ጥቂት ስለሆነ ብዙ ያቆያቸዋል። ሒሳብ ሹሟ ኮምፒውተር ግን የራሱ ዩፒኤስ ያስፈልገዋል። ጓደኛዬ እሱን ገና አልገዛም፤ በየቀኑ እነዘንዘዋለሁ።

እሷ፦ እና ፓኬጁን ወደ ድሮው አወረደው?

እሱ፦ አወርዳለሁ ብሎኝ ነበር። ትናንት ደወልኩለት፤ «ልጆቹ ምሳ ሰዓት ላይ ዩቲዩብ ለምደዋል፣ አሁን ብቀንስ ሠራተኛ ይለቅብኛል» አለኝ።