ፋየርዎሉን ከመግዛታችን በፊት

ክቡራን የኮሌጃችን አመራሮች፣ ውድ የአይሲቲና የግዢ ክፍል ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ!

ለካምፓሳችን ፋየርዎል፣ ማለትም ወደ ኔትወርካችን የሚገባውንና የሚወጣውን እየፈተሸ የሚያሳልፍ ወይም የሚያግድ ዕቃ፣ ልንገዛ ነው። ደስ ይላል። እኔ ግን ከዕቃው በፊት ስለ ሰው ላንሳ። ፋየርዎል ሰክተውት የሚረሱት ዕቃ አይደለም። ምን ይለፍ፣ ምን ይታገድ የሚሉትን ሕጎቹን የሚከልስ፣ ሎጉን ማለትም የሥራውን መዝገብ የሚያነብ ሰው ከሌለው ገንዘባችን ባከነ ማለት ነው።

ጨረታውን በተመለከተ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ሻጮች በትልቁ የሚጽፉት የፍጥነት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ፍተሻው ሁሉ ጠፍቶ የተለካ ነው። የጥቃት መከላከያውና የቫይረስ ፍተሻው ሲበራ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል። ስለዚህ "ሁሉም ፍተሻ በርቶ ስንት ነው?" ብለን እንጠይቅ። ሌላው ላይሰንስ፣ ማለትም በየጊዜው የሚታደስ የአጠቃቀም ፈቃድ፣ ነው። ዕድሳቱ ብዙ ጊዜ የውጭ ምንዛሬ ይጠይቃል። ካልታደሰ ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ መሥራቱን ቢቀጥልም አዳዲስ ጥቃቶችን የሚለይበት መረጃ አይደርሰውም። በጀቱ ካልፈቀደ ፒኤፍሴንስና ኦፒኤንሴንስ የተባሉ የፋየርዎል ሶፍትዌሮች አሉ። ሁለቱም ያለ ላይሰንስ ክፍያ በተራ ሰርቨር ላይ ይሠራሉ፤ የሚያውቃቸው ባለሙያ ግን ይፈልጋሉ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ አጠቃቀሙ ነው። የግቢ በር ላይ የቆመ ጥበቃ ዶርም ውስጥ የተነሳን ጠብ አያይም። በግንቦት 2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ በፖርት 445 (ዊንዶውስ ፋይል በሚጋራበት የግንኙነት በር) በኩል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ራሱን ያዛምት ነበር። ማይክሮሶፍት ቫይረሱ የተጠቀመበትን ክፍተት የሚደፍን ማስተካከያ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር፤ ያልጫኑት ግን ብዙዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ተማሪ ላፕቶፕ ቢገባና ዶርሙና ሬጅስትራሩ አንድ ኔትወርክ ላይ ቢሆኑ፣ በር ላይ ያለው ፋየርዎል ምንም አያይም። ዶርም፣ ላብ፣ ፋይናንስና ሬጅስትራር በየራሳቸው ቪላን፣ ማለትም በኔትወርኩ ውስጥ ለብቻው በተከለለ ክፍል፣ ይሁኑ። በመካከላቸው የሚያልፈው ሁሉ በፋየርዎሉ በኩል ይለፍ።

ሕጉ ይህን ይመስላል፦ ከተማሪ ዋይፋይ ወደ ተማሪዎች ፖርታል፣ ፖርት 443 (የተመሰጠረ የድረ ገጽ ግንኙነት)፣ ይለፍ። ከተማሪ ዋይፋይ ወደ ሬጅስትራር ዳታቤዝ፣ ይታገድ። መጨረሻው መስመር ላይ፣ ያልተፈቀደ ሁሉ ይታገድ፣ ሎግም ይመዝገብ።

ፈተናው የሚመጣው በምዝገባ ሰሞን ነው። ሲስተሙ አልሠራም ይባላል፣ ስልክ ይደወላል፣ አንድ ባለሙያ ተጨንቆ "ሁሉም ወደ ሁሉም ይለፍ" የሚል ሕግ ለጊዜው ይጨምራል። ያ "ለጊዜው" ዓመት ይቆያል። እያንዳንዱ ሕግ ማን እንደጠየቀው፣ ለምን እንደተጨመረና መቼ እንደሚነሳ አብሮት ይጻፍ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የተማሪዎችን የተመሰጠረ ግንኙነት ፈትቶ ማየት አይገባም። የባንክም የሕክምናም ጉዳያቸው እዚያው ውስጥ ነው። ኢንተርኔቱ ከተጨናነቀ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የፍጥነት ጣሪያ እናብጅ።

እንግዲህ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት አመራሩ ሁለት ባለሙያ ይመድብልን፣ ሥልጠናውም በግዢው በጀት ውስጥ ይካተት። ሬጅስትራርና ፋይናንስ ደግሞ የምትጠቀሙባቸውን ሲስተሞች ዝርዝር ስጡን። ሕጎቹን መጻፍ የምንጀምረው ከዚያ ዝርዝር ነው።

አመሰግናለሁ።